በማለዳ ሰማንያ

ሰኞ፣ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አያትሽም እንደ ዕድሜያቸው ደህና ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከዕድሜያቸው በላይ ደህና ነው።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ይደርሳል ተብሎ ቅዳሜ ነው የደረሰኝ። ይህን የዕቃ መኪና ሹፌር «ፈጣኑ» ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ ብታጣሪልኝ ደስ ይለኛል። ጎማ ፈንድቶብኝ ነው አለኝ። ባለፈው ድልድይ ነበር፣ ከዚያ በፊት አማቱ ነበሩ። ሆኖም አልተቆጣሁትም። ያ የውኃ መሳቢያ ጣቢያችሁ ስልክ እስኪያገኝ ድረስ እኔንና አንቺን የሚያገናኘን የእሱ ኪስ ብቻ ነው።

ስለ ሶላሩ የጠየቅሽኝን እነሆ። ጣሪያው ላይ ያሉት ዐሥሩም ሰሌዳዎች እንዳሉ ናቸው። አልተሰነጠቁም፣ ወፍም አልሰፈረባቸውም፣ ጥላም አያርፍባቸውም። አቧራቸውን መሰላል ላይ ቆሜ በረጅም መወልወያ ጠረግሁት። አትቆጪ፣ ጣሪያውን አልረገጥኩም። አያትሽ ወንበር አስወጥተው ከታች ተቀምጠው ነበር። «እማማ፣ ይግቡ፣ ፀሐዩ ይከብድዎታል» ብላቸው «ስትወድቅ የሚያይህ ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻ እኔ ላይ አትውደቅ» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ኢንቨርተሩ ሄድኩ። እንዳስተማርሽኝ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የቁጥር መስኮቱን አየሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰሌዳዎች መስመር መቶ ስልሳ አምስት ቮልት ይላል። የሁለተኛዎቹ አምስት መስመር ሰባ። እያየሁት ወደ ስልሳ ወረደ፣ ተመልሶ ሰባ አለ። ብሬከሩን አጥፍቼ ከጣሪያ የሚወርደውን ገመድ በቴስተሩ ለካሁ፤ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ እንዳልሽኝ። መቶ ዘጠና ስምንት አለ። መልሼ ሳበራው ሰባ።

ትርጉሙን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ስፌት ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። ሳይጫኑት ሙሉ፣ ሲጫኑት ባዶ። እኔም እንደዚሁ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ደነገጥኩ። መንገድ ላይ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ ሙሉ ነኝ። ቤት ገብቼ አያትሽ ውኃ ሲሉኝ፣ ትራስ ሲሉኝ፣ መልሰው ውኃ ሲሉኝ ግን ፊቴ ይጠቁራል። እግዚአብሔር ያያል፤ ለሌላ ሰው አልነገርኩም።

የምጨነቀው ለሰሌዳው አይደለም። የከተማው መብራት አሁን ሌሊት ሌሊት ጭራሽ መምጣት ትቷል። ሐኪሙ «ሳንባቸው ሌሊቱን ብቻውን አይችለውም፤ የኦክስጅን ማሽኑ ከመኝታ እስከ ንጋት ይሥራ» ያለውን አንቺም ሰምተሻል። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ሶላሩ የሚሞላው ባትሪ አልቆ ኢንቨርተሩ ሲጮህ፣ ማሽኑም ሲቆም፣ አያትሽን ደገፍ አድርጌ ቁጭ ብለን አነጋን። ከዚያ ወዲህ ይህን ባትሪ በጸሎቴ ሳልጠራ አልተኛም። ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ።

አባትሽ


ዓርብ፣ ከሥራ መልስ

አባዬ፤

አስቀድመህ መሰላሉን ለጎረቤት አውስልኝ። ዕቃ ወስዶ ለማይመልሰው ጎረቤታችን ቢሆን ይመረጣል።

አልሳቅሁም። የለካኸውን ግን ለረዳቶቼ አነበብኩላቸው፤ ልብስ ሰፊ እንዲህ ከለካ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ።

ሰሌዳዎቹ ጤነኞች ናቸው። አምስቱ እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ነው የሚሠሩት፤ ከሚያያይዟቸው መሰኪያዎች አንዱ ላልቷል ወይም ተቃጥሏል። ምንም ሳይፈስበት ስትለካው ቮልቱ ሙሉ ይመስላል፤ ኃይል ሊያልፍ ሲል እዚያ ቦታ ላይ ይታነቃል። የሚታነቅበት ቦታ ደግሞ ይግላል። ስለዚህ የሁለተኛውን መስመር ብሬከር አጥፋው፤ እስኪጠገን እንዳይበራ። የጣሪያውን መሰኪያ በፀሐይ ማንም እንዳይነቅለው፣ እሳት ይተፋል። አብሮኝ የተማረውን ኤሌክትሪሺያን፣ ባለ ጓንቱን ጥራው። ሲበላ እንኳ ጓንቱን አያወልቅም፤ ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው አላምንም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። አንዱ መስመር ብቻውን በቀን የሚያስገባው፣ የእማማ ማሽን በሌሊት ከሚጠጣው ያንሳል። እንግዲህ ባትሪው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ መሄዱ ነው። ማለዳ ስትነሳ ከመቶ ስንት እንደሚል እያየህ ጻፍልኝ። ከሠላሳ በታች ካየህ ግን ደብዳቤም አትጻፍ፤ እማማን ይዘህ ሆስፒታል ግባ፣ እዚያ መብራት አለ።

«እንደ ዕድሜያቸው» ያልከው ምን ማለት እንደሆነም ግለጽልኝ። አንተ ስትደብቅ ቃልህ ያጥራል።

እማማን ሳምልኝ። ጉንጯን ነው፤ ግንባር ለሬሳ ነው ትላለች።

ልጅህ


ረቡዕ፣ ማለዳ

ልጄ፤

ሠላሳ ብለሽ አስፈራርተሽኝ ነበር። ዛሬ ስነሳ ሰማንያ ይላል። ትናንት ሰማንያ አንድ ነበር። ከትናንት ወዲያም ሰማንያ። ሁለተኛውን መስመር እንዳልሽኝ ዘግቼው ነው ይሄ የሆነው። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። ሰማንያ።

ከጥቂቱ የሚያበረክት አምላክ እንዳለ ማመን አንድ ነገር ነው፤ በገዛ ቤት ግድግዳ ላይ በቁጥር ማየት ደግሞ ሌላ ነው። እዚያው ኢንቨርተሩ ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከደስታው ጋር ትንሽ ቅሬታም ገባብኝ። እናትሽ ታማ ያን ሁሉ ስለምነው ዝም ያለኝ ጌታ፣ ለባትሪ ስለምነው መለሰልኝ። ይህንንም ሳልደብቅ ለእሱው ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ቀለለኝ።

ከጸሎት ስንወጣ ለባልንጀሮቼ አወራኋቸው። ጫማ ሰፊው «የእኔም ራዲዮ ባትሪ ደክሟል፣ ጨምረህ ጥራልኝ» ብሎ አሾፈብኝ። ይሹፍ።

አያትሽ ግን እንዳሰብኩት አልተደሰቱም። በደስታ እየጮህኩ ብነግራቸው «ሲሰጥህ ተቀበል፣ አትቁጠር» አሉኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ስለ እሳቸው ጠይቀሻል። ቃሌ አጥሮ ከሆነ ይኸው ላስረዝመው። ጠዋት ጠዋት ራሴን ይላሉ። እግራቸው አበጥ ብሏል። ቀን ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ፤ ባለፈው ቀን የኮት እጅጌ አጣምሜ ስገጥም አይተው ስድብ ጀመሩና መሀሉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስድብ ሳይጨርሱ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ነው። ዕድሜ ነው ብዬ ነው ያልጻፍኩልሽ። ማሽኑን እንደሆነ ማታ ማታ እኔው በእጄ አበራላቸዋለሁ፤ ጠዋት ስገባም ሲሠራ አገኘዋለሁ።

ባለ ጓንቱ ሥራ በዝቶበታል፤ በሚመጣው ሳምንት እመጣለሁ ብሏል። አይቸኩል። እንዲህ ከተጎበኘን ምን ያጣድፈናል?

አባትሽ


ቅዳሜ፣ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ

አባዬ፤

ሰላምታ የለኝም፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ሰማንያ ሊል አይችልም። ደጋግሜ አሰላሁት፣ እዚህ ያለውን መሐንዲስም አሳሰብኩት። ማሽኑ ሌሊቱን ከሠራ ባትሪው ሰማንያ ሆኖ አያድርም። ባትሪው ሰማንያ ሆኖ ካደረ ማሽኑ ሌሊቱን አልሠራም። በመሀል ሌላ መንገድ የለውም አባዬ። መሰኪያው እየላላ ይሆናል፣ ማሽኑ ራሱን እያጠፋ ይሆናል፣ አላውቅም።

የጠዋት ራስ ምታት፣ የእግር እብጠት፣ የቀን እንቅልፍ፤ ሐኪሙ ያን ቀን የዘረዘረልኝ ይህንኑ ነው። አንተ መድኃኒት ልትገዛ ወጥተህ ነበር። ለአንተ ሳልነግርህ መሄዴን አሁን ነው ያወቅሁት። አየር እያጣች ነው።

ይህን እንዳነበብክ ሆስፒታል ውሰዳት። ነገ አትበል። ብትሰድብህም ተሸክመህ ውሰዳት።

ፈጣኑን የትም እንዳይቆም ለምኜዋለሁ። መኪናው ላይ ያለውን ዕቃ እንኳ ሳያወርድ ነው የሚመለሰው።


ሰኞ፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር

ልጄ፤

በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

ፈጣኑ ትናንት ጎህ ሳይቀድ በሩን ደበደበው። ዓይኑ ደም መስሏል፤ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ነው የደረሰው። ወረቀትሽን እሱ ፊት ቆሜ አነበብኩትና ሁልጊዜ ከምነሳበት ቀድሜ ወደ አያትሽ ክፍል ገባሁ።

ማሽኑ ዝም ብሏል።

መሰኪያው አልላላም። ማሽኑም አልተበላሸም፤ አዝራሩን ስነካው ወዲያው ተነሳ። ቱቦው በሥርዓት ተጠቅልሎ ትራሳቸው አጠገብ ተቀምጧል። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ጨርቅ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ የታጠፈንና ሁልጊዜ የሚታጠፍን ለይቼ አውቃለሁ። ያ ቱቦ መታጠፊያውን የለመደ ቱቦ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፍልሽም። ስንት ዓይነት ጨርቅ ቆርጫለሁ፤ የከንፈራቸውን ቀለም ያህል ግን የሚሰቀጥጥ አይቼ አላውቅም። ይብቃሽ።

ፈጣኑ እንደ ሕፃን አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገባቸው። እኔ በባዶ እግሬ መሆኔን ያወቅሁት እዚህ ደርሰን ወለሉ ሲቀዘቅዘኝ ነው። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያለ ማሽን የሚያድሩት?» አለኝ። «በየማታው አበራላቸዋለሁ» አልኩት። «ታዲያ ማን ያጠፋዋል?» አለኝ። ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

አሁን የሆስፒታሉን ኦክስጅን ይዘዋል። ልባቸው ተጎድቷል፣ ግን ይመለሳል ብለዋል። እስካሁን ከእንቅልፍ ጋር ናቸው። ሲነቁ ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው አላውቅም። አይ፣ ጥያቄውንስ አውቀዋለሁ። የምፈራው መልሱን ነው።

አባትሽ


ረቡዕ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከቤት

ይድረስ ለልጄ፤

አያትሽ ወደ ቤት ከተመለሱ ሰነበቱ። እንደገቡ «ይህን ቤት እንዲህ አድርገህ ነው ያቆየኸው?» አሉኝ። ጠርጌው ነበር። ዳኑ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ባለ ጓንቱ የሰማ ቀን ሥራውን ትቶ መጣ። ምሽት ላይ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ወጥቶ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። የተበላሸው በሁለተኛው መስመር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰሌዳ መሀል ያለው ነው። ቀልጦ ከሰል መስሏል፤ ከሥሩ ያለው የጣሪያ እንጨትም ጠቁሯል። መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያሳየኝ ከዚያ እንጨት በታች የማን አልጋ እንዳለ አሰብኩ። አሁን ተቀይሯል፤ ሁለቱም መስመሮች እኩል ናቸው። ከመጀመሪያው እኔ ስሰካው አላልቼው ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት በራሱ ይላላል ብሏል ባለ ጓንቱ። ለአንቺ ብሎ ዋሽቶ እንደሆነም አላጣራም።

«ቁጥሩን እያየህ ተኛ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ሰው እያየህ ተኛ ማለት ነበረብኝ» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ አባት አይነገርም፣ ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ጥፋቱን ለብቻሽ አትውሰጂው፤ ለእኔም አስቀሪልኝ።

መሀላችሁ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ሆኖ፣ እንደዚያ የሚጮህ ማሽን ሲጠፋ እንዴት አልሰማህም ላልሽው፣ አንዱ ጆሮዬ ከስፌት መኪናው ጋር ማርጀቱን ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ደህናውን ጆሮዬን ትራሱ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው። ቤቱ ጸጥ ሲል መስማት አልፈልግም ነበር። አያትሽ ይህን ያውቁ ኖሯል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ይጠብቃሉ፣ ያጠፋሉ። ማለዳ የነጠላ ጫማዬን ድምፅ ሲሰሙ ያበራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ለምን? እዚያው ሆስፒታል ጠየቅኋቸው። በሚገባ እስኪነቁ ጠብቄ፣ ነርሷ እስክትወጣ ጠብቄ፣

«እማማ፣ ማሽኑን የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«ታዲያ አይጥ ታጥፋው?»

«ለምን?»

«አንተ ነሃ የለመንከኝ።»

«እኔ?»

«ማታ ማታ፣ በኮምፔንሳቶው በኩል። ጌታ ሆይ ባትሪውን አደራ፣ ጌታ ሆይ ባትሪው እንዳያልቅ፣ ጌታ ሆይ ይህን ባትሪ አንተው ጠብቀው። እግዚአብሔር ሥራ ይበዛበታል፤ ይቺን እንኳ እኔ ላግዘው አልኩ።»

ልጄ፣ እኔ በሹክሹክታ የምጸልይ ነበር የሚመስለኝ። የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው ምን ያህል እንደሚጮህ በምን ያውቃል? ለካ በየማታው ግድግዳው ወዲህ ቆሜ እዚያች ሴትዮ ጆሮ ላይ «ኃይል እየጨረሱብኝ ነው» ስል ከርሜአለሁ።

«እማማ፣ እኮ ሊሞቱ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሁለት ቀን ብዬ ነበር፣ ባትሪው እስኪያገግም። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነስተህ ሰማንያ ብለህ ጮህክ። ልጄን ከቀበርናት ወዲህ እንደዚያ ሆነህ ሰምቼህ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ላብራው?»

አንሶላቸውን ሳስተካክል ቆየሁ። እሳቸው ግን ዝምታ አይወዱም፤ «ደግሞስ» አሉኝ፣ «ለቅሶ ሲመጣ መብራት የለም ይባል?»

ሳቄ ነው የመጣው፣ ይቅር ይበለኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ነው ሌላው የመጣው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴን ጸሎት መልሼ መልሼ አዳምጣለሁ። በዚያ ሁሉ ልመና ውስጥ ባትሪው አለ፣ ኢንቨርተሩ አለ፣ ሁለተኛው መስመር እንኳ አለ። «እማማ» የሚል ግን አንድ ቦታ የለም። እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል፣ ለማን ስል እንደምለምን ያውቃል ብዬ ነበር። እሱስ ያውቃል። እሳቸው የሚሰሙት ግን አፌን ነው። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ፣ ልቤንም ዳብሼ ስፈልግ፣ አንዳንድ ማታ በእውነት ለባትሪው ብቻ የለመንኩ ይመስለኛል። ውኃ በሉኝ ቁጥር ፊቴ የሚጠቁረው ሰው ያው እኔ ነኝ።

መምጣትሽን ጠይቀሻል። ፓምፑ ሳይነሳ አትምጪ፤ የተጠሙ ሰዎች አሉ። እኛ አልጋዬን ወደ አያትሽ ክፍል አዛውረናል። ደህናውን ጆሮዬን ወደ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። «ስታንኮራፋ ማሽኑ አይሰማኝም» ይሉኛል። ከማሽኑ አዝራር በላይ ክዳን ሠርቼ ላሽገው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። በእስር ቤት ያለ ሰው መተንፈሱ ደስ አይለውም።

ዛሬ ጠዋት አልጋቸው ሥር ተንበረከክሁ። አፌን ዘግቼ ቆየሁ።

«ዛሬ ምነው ድምፅህ ጠፋ?» አሉኝ፤ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ነው።

«ካሁን ወዲያ በልቤ ነው የምጸልየው፣ እማማ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እርስዎ።»

የተኙ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው ጮክ በል» አሉኝ።

ጮክ አልኩ።

አባትሽ